ያላጠብኩት ፎቶ

ፎቶ ቤት ስሠራ የጨለማ ክፍሉን ሥራ በሙሉ የምንጠራው «ማጠብ» በሚል አንድ ቃል ነበር። እኔ የበደልኩትም እዚያው ቃል ላይ ነው።

ጊዜው 1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከተማው ደብረ ማርቆስ። ከሮብ ገበያ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነበርና «እኔን ተወኝና አገሩን አንሳልኝ» አሉኝ። ወጥቼ አነሳሁላቸው፤ ከፊት የገብስ ማሳ፣ መሀል ላይ የደብሩ ጥድ፣ ከኋላ የጮቄ ተራራ ደመና ለብሶ።

በቀይ መብራት ወረቀቱን ምስል የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ደቨሎፐር ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ ጥዱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሸንተረሩ ወጣ፤ ሰማዩ ግን ባዶ ቀረ። በሁለተኛው ወረቀት ለመሬቱ 15 ሰከንድ ብርሃን ሰጠሁ። ከዚያ መሬቱን በመዳፌ ከልዬ፣ መስመር እንዳይሠራ እጄን እያንቀሳቀስኩ፣ ለሰማዩ 20 ሰከንድ ጨመርኩለት። ደመናው ቁልል ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ፊክሰር ውስጥ ነከርኩት፤ የቀረው ፊክሰሩን ከወረቀቱ በውኃ ማስለቀቅ ነበር። ፊክሰር ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ያወጣል፤ ወረቀቱ ውስጥ ከቀረ ግን በውስጡ ያለው ድኝ ምስሉን የሠራውን ብር ራሱን ይበላዋል። ለዚያ ወፍራም ወረቀት አንድ ሰዓት ወራጅ ውኃ ያስፈልገው ነበር። የዚያን ቀን ቧንቧው ደርቋል፤ ያለችኝ አንዲት ጀሪካን ናት። ሁለት ጊዜ ሳህን ውስጥ አለቅልቄ ሰቀልኩት። በማግስቱ ውኃ መጣ። እሳቸው የወሰዱት በሦስተኛው ቀን ነው። መልሼ ልነክረው እችል ነበር፤ «ማን ያውቃል» ብዬ ተውኩት።

በአምስተኛው ዓመት ለተዝካር መጥተው ከነጠላቸው ውስጥ አወጡት። ሰማዩ ቡና የፈሰሰበት መስሏል፤ የጮቄ ጫፍ ጠፍቷል።

«ምን ነካብኝ፣ ልጄ?»

ሳየው ገባኝ። አፌ ግን «ፀሐይ ላይ ሰቅለውት ነው፣ እማማ» አለ።

«ወይኔ! እኔው ነኛ ያጠፋሁት» አሉና መልሰው ጠቀለሉት። ኔጌቲቩን ፈለግሁ፤ አልተገኘም።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ። ለእሳቸው ግን ሳልነግራቸው አረፉ። አገራቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ እየመሰላቸው ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት ሰዓቱ ሳይሞላ ከውኃ አውጥቼ አላውቅም። ይህ ግን የእሳቸውን ፎቶ አልመለሰልኝም።

እማማ፣ ፀሐይዋ አይደለችም፤ እርስዎም አይደሉም። እኔ ነኝ።