የእንቁላል ገንዘብ

ረኀብ ጩኸት አለው፤ መቀንጨር ግን ድምፅ የለውም። ልጁ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ሆዱም ሞልቷል። አጠር ማለቱን ያስተዋለ ቢኖር እንኳ «አባቱን መስሎ ነው» ይባልና ነገሩ ያልፋል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጭር በሆነበት ማን ከማን ጋር ይተያያል? በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። ጤፍና በቆሎ በሚታፈስበት በአማራ ክልልማ ቁጥሩ ከ40 ይበልጥ ነበር።

በገበያ ቀን በመስኮቴ ፊት ከሚሰለፉት እናቶች አንዷ፣ በልጇ ስም በከፈተችው የቁጠባ ደብተር የእንቁላል ሽያጭ ታስገባለች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ትፈታለች፤ እኔ እቆጥራለሁ፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ብስኩት ይልሳል። ዶሮዎቹ የእርሷ፣ እንቁላሉ የእርሷ፣ ልጁም የእርሷ፤ ነገር ግን እንቁላሉ ወደ ልጁ የሚደርሰው ብር ሆኖ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቸልተኛ እንዳትሏት፤ ከብዙዎቻችን ይልቅ ስለ ነገ የምታስብ ሴት ናት። የተሰወረባት፣ ለአካልና ለአእምሮ ዋናው መቆጠቢያ ጊዜ ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት ልደት ያለው አንድ ሺህ ቀን ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን መሙላት እጅግ ይከብዳል።

አንድ ቀን «እህቴ፣ ከሳምንቱ እንቁላል ጥቂቱን ለእርሱ ብታስቀሪለትስ?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ እንቁላሉ ከተበላ ደብተሩ በምን ይሞላል?» አለችኝ። ደግሞም «ይበላል እኮ!» ስትል አከለችበት።

እውነቷን ነው፣ ይበላል። የሚበላው ግን በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የቀጠነ ሙቅ ነው፤ ትንሿን ሆድ ውሃ ይሞላታል። ሙቁ በማንኪያ እስኪነሣ ቢወፍር፣ ከገብሱ ጋር ሽምብራ ወይም ባቄላ ቢፈጭበት፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ቢልበት፣ ይህ የባለጸጋ ማዕድ አይደለም፤ ግማሹ ከጓዳዋ አለ።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በጾም ሕግ አታስገድድም፤ ሆኖም ድስቱን ፍስክ እንዳይነካው ሲባል፣ ሕፃኑም ሳያውቀው አብሮ ይጾማል።

አያቴ ጆሮዋ የተሰበረ አንዲት የሸክላ ድስት ነበረቻት፤ «የልጆች» ትላታለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ የፍስኩን ዕቃ ሁሉ አጥባ ስታስቀምጥ፣ ያቺን ብቻ ከምድጃው አጠገብ ትተዋት ነበር።