ፓርክን የት እናሰልፈው?

ጎበዝ! ጫማውን ከሰቀለ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነው ኳስ ተጫዋች ዛሬም ድረስ የሚጨቃጨቅ ሰው ካገኛችሁ ያ ሰው ወይ ዘመዱ ነው ወይ ከእኛ አንዱ ነው። የፓርክ ጂ ሱንግ ዘመድ አይደለንም። ከኮሪያ ጋር ያለን ዝምድና ቢበዛ ቢበዛ የአንዳችን አያት ከቃኘው ሻለቃ ጋር መዝመታቸው ነው፤ እሳቸውም ኳስ አይወዱም ነበር። እኛ ማንቼዎች ነን። ስድስት ነን፤ ሰባተኛው የአርሴናል ደጋፊ ነው፣ አብሮን ስላደገ ብቻ እንታገሠዋለን። ሁለታችን ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ነን፣ አንዳችን ዱባይ። የቀረነው እዚሁ አዲስ አበባ ነን። ጭቅጭቁ ግን አልተሰደደም፣ በስልክ ቀጥሏል።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፍላችሁ። ኳስ በእኛ ካላንደር አትጫወትም።)

ጥያቄው ከ2005 ጀምሮ ያው ነው። ፓርክን የት እናሰልፈው? ግራ መስመር የሚል ወገን አለን። መሀል ላይ፣ ከአጥቂው ጀርባ የሚል አለን። “ተቀያሪ ወንበር ላይ!” የሚለው ያው የአርሴናሉ ነው፣ ድምፅ የለውም።

ሰውየው ከፒኤስቪ አይንድሆቨን ሲመጣ ዋጋው አራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ኳስ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የተሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ “ማሊያ ሊሸጡበት ነው” ተባለ። ልብ በሉ፣ ይሄ የተባለው ልጁ ገና በዚያው ዓመት በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ኤሲ ሚላን ላይ ጎል ካገባ በኋላ ነው። ፒኤስቪ ያን ምሽት 3 ለ 1 አሸንፎ ከሜዳው ውጪ በገባ ጎል ተጥሏል። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫም ፖርቱጋልን ወደ ቤቷ የሸኘው እሱ ነበር፤ በደረቱ አብርዶ፣ አንዱን አልፎ፣ በግራ እግሩ። ይህን ያየ ሰው “ማሊያ” ሲል ምን ይባላል? እስያዊ ሆኖ እንግሊዝ ከመጣ ነጋዴ ነው ማለት ነው? የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ብቻ “ልጁ ይሮጣል” ብለው አለፉት።

ችግሩ እዚህ ላይ ጀመረ። “ይሮጣል” የሚለው ቃል ተለጥፎበት ቀረ። እንግሊዞቹ “ሦስት ሳንባ” አሉት፣ እኛም ተቀበልናቸው። ጨዋታው አልቆ ስለ ሩኒ ሲወራ “እንዴት ገጨው!”፣ ስለ ሮናልዶ ሲወራ “እንዴት አታለለው!”፣ ስለ ፓርክ ሲወራ ደግሞ “ሲሮጥ ዋለ” ነው። ሲሮጥ ዋለ! ሩጫማ ከሆነ በቆጂ ሞልቶልን የለም እንዴ? ቀነኒሳን ግራ መስመር ላይ አናሰልፈውም ነበር?

ሩጫ ካነሳን አይቀር፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የፓርክን ጉዳይ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባን ነበር። ስለሺ ስህንን አስታውሱ። አቴንስ 2004፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ቀነኒሳን ተከትሎ ብር። ሄልሲንኪ 2005፣ ቀነኒሳን ተከትሎ ብር። ኦሳካ 2007፣ ያው። ቤጂንግ 2008፣ ያው። በየትኛውም ሌላ አገር ቢወለድ ሐውልት የሚቆምለት ሰው እኛ ዘንድ “ያ ሁለተኛ የሚወጣው ልጅ” ነው። ሃያ አምስት ዙር ውስጥ ማን መቼ ፍጥነት እንደጨመረ፣ ማን ኬንያዎቹን እንዳደከመ አንቆጥርም። የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ብቻ ነው የምናየው። ኳስም ስናይ እንዲሁ ነን፣ ጎሉን ብቻ።

ወደ አሰላለፉ እንመለስ። እውነቱን ካወራን ፓርክ በተለመደው ትርጉም የመስመር ተጫዋች አልነበረም። አብዶ የለውም። ተከላካይ ፊቱ ቆሞ ሲጠብቀው ያን ሰው አታሎ እስከ መጨረሻው መስመር ወርዶ የሚያሻግር ዓይነት አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የታችኛው ቡድን አሥር ሰው ጎሉ ፊት ደርድሮ ኦልድትራፎርድ ሲመጣ፣ ፓርክን መስመሩ ላይ ማቆም ብስክሌተኛ ጠርቶ ግድግዳ አፍርስ እንደማለት ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ጊግስ ይሻል ነበር፣ ናኒም ይሻል ነበር (ናኒ ሲፈልግ ነው ታዲያ)። በሰባት ዓመት 205 ጨዋታ፣ 27 ጎል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ተቀያሪ ቢለው አንፈርድበትም።

ግን ጎሎቹ የት የት እንደገቡ እዩ። ሊቨርፑል ላይ በመጋቢት 2010 ያገባት የማሸነፊያ ጎል ፍሌቸር ከቀኝ ሲያሻግር፣ ግራ ላይ ነበር የተባለው ሰው ከተከላካዮቹ ቀድሞ ራሱን ወርውሮ በጭንቅላቱ የገጫት ናት። አርሴናል ላይ በታኅሣሥ 2010 የገባችውም በጭንቅላት ናት፣ ጨዋታውም 1 ለ 0 አለቀ። የአርሴናሉን ጓደኛችንን ለማክበር ስንል ሌሎቹንም እንቁጠርለት፤ በ2006 አንድ፣ በ2009 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ላይ በስምንተኛው ደቂቃ አንድ፣ በጥር 2010 ኤምሬትስ ላይ አንድ፣ በዚያች 8 ለ 2 በሆነችው የነሐሴ 2011 ቀን ደግሞ አንድ። ይበቃል፣ ልጁ ደም ግፊት አለበት።

አብዛኞቹን ስታዩ ከመስመሩ የመጡ አይደሉም። ከመስመሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ በመግባት የመጡ ናቸው። ያቺ የ2009ኟ የኤምሬትስ ሦስተኛ ጎል ትዝ ትላችኋለች? ሮናልዶ በተረከዝ ለፓርክ፣ ፓርክ ለሩኒ፣ ሩኒ መልሶ ለሮናልዶ፣ አለቀ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ተረከዟና ስለ መጨረሻዋ ምት ነው። መሀል ላይ ያለችው የፓርክ ኳስ አንድ ሰከንድ ብትዘገይ ጎል የለም። ኳሷን ይዞ ቢያምርበት ኖሮ ጎል የለም። እሱ ግን አያምርበትም፣ ወዲያው ይሰጣል፣ ሮጦም ይከተላል።

የመሀሎቹ ወገኖች ትልቁ ማስረጃ ሚላን ነው። በ2010 በጥሎ ማለፉ ሰር አሌክስ ፓርክን ከመስመር አንስተው መሀል አስገቡትና አንድ ሥራ ሰጡት፤ ፒርሎ። አንድሪያ ፒርሎ ማለት ቡድኑ በሙሉ በእሱ በኩል የሚተነፍስ ሰው ነው። ፓርክ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አጠገቡ ሆነ። ፒርሎ ውኃ ሊጠጣ ቢሄድ የሚከተለው ይመስል ነበር። ሳንሲሮ ላይ 3 ለ 2፣ ኦልድትራፎርድ ላይ 4 ለ 0፣ ከአራቱም አንዷን ራሱ ፓርክ አገባት። ፒርሎ ከዓመታት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሳይቀር ያን ምሽት አልረሳውም። ሰውን መከተል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰው እየተከተልክ፣ ኳሷ የቡድንህ ስትሆን በቅጽበት ጥለኸው ወደ ጎል መሄድ፣ ስትነጠቅ ደግሞ ተመልሰህ እዚያው ሰው ላይ መገኘት የሳንባ ነገር ብቻ አይደለም። ጭንቅላት ነው።

አሁን የማንወደው ቦታ ላይ ደረስን። ሞስኮ።

ግንቦት 13 ቀን 2000 ዓ.ም. (እዚህ ላይ በእኛ እንቁጠረው፣ ሌሊቱ የእኛ ነበር)፣ ከምሽቱ 3፡45። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሏል፤ መብራት ቢሄድ ብለው ጋሼ ጄኔሬተር አዘጋጅተዋል። ፓርክ ያን ዓመት በሩብ ፍጻሜው ሮማ ላይም በግማሽ ፍጻሜው ባርሴሎና ላይም፣ በሁለቱም ዙር ተጫውቷል። ያውም ከጉልበት ቀዶ ሕክምና ተነስቶ፣ ወደ ሜዳ የተመለሰው በታኅሣሥ ነበር። አሰላለፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቀኝ ላይ ሃርግሪቭስ። እሺ። ተቀያሪዎቹ ወጡ። ፈለግነው። ደግመን ፈለግነው። ከአሥራ ስምንቱ ውስጥ የለም! ቼልሲን በመለያ ምት አሸነፍን፣ ቴሪ ተንሸራተተ፣ ጮኽን፣ ታክሲ በሌለበት ሌሊት እየዘፈንን በእግራችን ገባን። እሱ ግን በሱፍ ልብስ ነበር ዋንጫውን ያየው። ሰር አሌክስ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት በሥራ ዘመናቸው ካስቸገሯቸው ውሳኔዎች አንዱ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቃችን ከኳስ የሚያልፈው። ከመሀላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፣ አሁንም እዚያው ነው የሚሠራው) መሥሪያ ቤት ውስጥ ፓርክ ነው። በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ግዢ ክፍል ሰው ሲጎድል “አንተ ታታሪ ስለሆንክ” ተብሎ ግዢ ሄደ። ከዚያ ንብረት ክፍል። ከዚያ መዝገብ ቤት። በየዓመቱ መጨረሻ የምስጉን ሠራተኛ ወረቀት ይሰጠዋል፤ አምስት ሆነዋል፣ እናቱ ሳሎን ሰቅለዋቸዋል። የደረጃ ዕድገት ሲወጣ ግን የሚጠየቀው “በመደቡ ላይ ያለህ የሥራ ልምድ” ነው። በየትኛው መደብ? እድገቱን የሚወስደው ከአንድ ወንበር ላይ ሳይነሳ የቆየው ነው። የዘንድሮው ዝውውር ሲመጣለት ግን አልፈረመም። “የእኔ መደብ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ” ብሎ ደብዳቤ አስገባ። መልስ አልመጣም። የመሀሎቹ ወገን አለቃም እሱ ነው፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። “የትም ይጫወታል” የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። የትም የሚጫወት ሰው፣ የትም ሊቀር ይችላል ይላል።

ስለ ወቅታዊ አቋሙም ቢሆን ሰዉ ፍርደ ገምድል ነበር። አንድ ወር የሚያብድ፣ ሁለት ወር የሚጠፋ ይመስላቸዋል። የጠፋው ጉልበቱ ነው። በ2003 ተቀደደ፣ በ2007 ተቀደደ። በጥር 2011፣ መቶኛ ጨዋታውን ለአገሩ ተጫውቶ በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ፤ ያ ጉልበት ከማንችስተር እስያ፣ ከእስያ ማንችስተር እየተመላለሰ አልቻለም። በዚያው የውድድር ዓመት ግን ዎልቭስ ላይ ሁለት አግብቶ በባከነ ሰዓት አሸንፎልናል፣ ቼልሲን ከሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣች ጎል አግብቷል፣ በግንቦትም ከቼልሲ ጋር የዋንጫ ያህል በሆነው ጨዋታ ደቂቃ ሳይሞላ ለሄርናንዴዝ አመቻችቶ ሰጥቷል። በ2012 ወደ ኪውፒአር ሄዶ ሻምበል ሲደረግና ቡድኑ በመጨረሻ ደረጃ ሲወርድ “አልነገርናችሁም?” ያሉ ነበሩ። ምኑን? ፓርክ ጥሩ ቡድን ላይ የሚጨምር እንጂ የፈረሰን ቤት ብቻውን የሚሸከም ምሰሶ ነው ያለ ማን ነው?

እንግሊዞቹ ደጋፊዎችም አልካሱትም። ለእሱ ያወጡለት ዘፈን ኮሪያውያንን ውሻ ይበላሉ የሚል ስድብ ያለበት ነው። በ2021 ራሱ ወጥቶ ተዉኝ አላቸው፤ ያኔ ዝም ያልኩት አዲስ ስለነበርኩና ፍቅር መስሎኝ ነው ብሎ። ሰባት ዓመት የሮጠላቸው ሰው!

እንግዲህ ድምፅ ተሰጥቷል፤ አራት ለሁለት። ፓርክ ግራ ላይ ይጀምራል፣ ከኋላው ኤቭራ እስካለ ድረስ። ኤቭራ መስመሩን ይዞ ሲወጣ ፓርክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሜዳ ውስጥም ከሜዳ ውጪም ጓደኛሞች ነበሩ፣ ሳይተያዩ ይግባባሉ። ተጋጣሚው ፒርሎን የመሰለ ሰው ካለው መሀል ይገባል፣ ያን ሰው ያነቀዋል። ቀኝ ላይ በጭራሽ። ፍጻሜ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ አሥራ ስምንቱ ውስጥ አለመኖር የሚባል ነገር የለም፤ ይሄኛው ስድስት ለዜሮ ነው ያለፈው።

የተሸነፉት ሁለቱ ይግባኝ ብለዋል። ማስረጃቸው ዌምብሌይ 2011 ነው፤ ዕረፍት ላይ ከባርሳ ጋር 1 ለ 1 ነበርን፣ ፓርክ መስመሩን ይዞ ነበር፣ ሜሲ መሀል ላይ እንደፈለገ ይንሸራሸር ነበር፣ 3 ለ 1 አለቀ። ሰር አሌክስ ከዓመታት በኋላ ያን ቀን ፓርክን ሜሲ ላይ ማድረግ ነበረብኝ ማለታቸውን ሲሰሙ ሁለቱ ሰዎች ቢራ ጋበዙን፣ በድል አድራጊነት። እኛ ደግሞ ሜሲ ፒርሎ አይደለም፣ ፒርሎ ቆሞ ያቀብላል፣ ሜሲ ግን አንተኑ ይዞህ ይሄዳል እንላለን። የዱባዩ ሰውዬ የጨዋታውን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ እያየ ነው፤ ፓርክ ከሜሲ ስንት ሜትር ርቆ እንደነበር ልቆጥር ነው ብሏል። ሃምሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል።