ጡጦው የማን ነው?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ጥናት ፕሮግራምና ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና ብዙ ተጽፏል። ስለ ጡጦ ግን የተጻፈ አላየሁም። ርዕሱን ለአንድ ጓደኛዬ ባሳየው «አንተ ደግሞ ሞግዚት ሆንክ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ነገ አንደኛ ክፍልን ተረክቦ ሲያስተምር፣ እያንዳንዱ ልጅ እንዴት ባለ ቤት መብላትና መጠጣት ተምሮ እንደ መጣ ማወቁ አይጎዳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤተሰቦቼ ዘንድ፣ ወደ ደሴ ሄጄ ነበር። የታላቅ እኅቴ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ወር ሆኗታል። ሚጣ እያልን ነው የምንጠራት። እኅቴ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው ሕፃን እስከ 6 ወሩ ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም እንኳ አያስፈልገውም ይላሉ። እስቲ ሒሳቡን ሥሩት፤ 90 ቀን 3 ወር ነው። የቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው? ጡቷን አልባ ልታስቀምጥ እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም። በኛ ቤት የሞላው ጡጦ ሆነ። ጡጦው ሲለመድ ጡቱ ተረሳ፣ ወተቱም ደረቀ።

መጀመሪያ በጡጦው ውስጥ የሚገባው የዱቄት ወተት ነበር። እሱ ሲወደድ የላም ወተት፣ የላሙ ሲያጥር ደግሞ የአጃ አጥሚት ተተካ። አጥሚቱ አልወርድ ሲል እማዬ መርፌ በእሳት አግላ ቀዳዳውን አሰፋችው። አሁንም አልወርድ ሲል አጥሚቱን አቀጠነችው። በዚህ ዓይነት ልጅቱ በቀን ስድስት ሰባት ጡጦ ትጨርሳለች፤ ሆዷ ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን አይሞላም። ፍትፍት ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ተኝታም ቢሆን ጡጦው ካፏ አይወጣም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ከድዱ አጠገብ ነጭ ጠብጣብ አውጥተው ነበር። ይኼ የመበስበስ መጀመሪያ ነው። ታችኞቹን በመጥባት ጊዜ ምላስ ስለሚሸፍናቸው ቶሎ አይነኩም፤ የሚጎዱት የላይኞቹ ናቸው። እማዬ ግን «የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቃል» አለች።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ጡጦ እንዲያው እንደ ማንኪያ ተራ ዕቃ አይደለም። በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባዔ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ለሕዝብ ማስተዋወቅን የሚከለክል ደንብ ሲያጸድቅ፣ ጡጦና የጡጦ ጫፍም አብረው ገብተዋል። አንገቱና ጫፉ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፤ የተረፈው ወተት እዚያው ውስጥ ይበላሻል፣ ልጁም ተቅማጥ ይይዘዋል። ኩባያ ግን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ያልቃል። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን እንኳ በጥንቃቄ ከተያዘ በኩባያ መመገብ ይችላል። ይህን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ።

ታዲያ በሐምሌ ወር አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር እኛም ዘንድ ገባች። ባለ ቀለም ሜትሯን በሚጣ ክንድ ላይ ብትጠመጥመው 12.1 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫው ላይ ዋለ። ቢጫ ማለት ከ11.5 እስከ 12.5 ነው፤ ከዚያ በታች ቀይ። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ጡጦውን አንሥታ አሸተተችው። «ይህን ተዉትና በኩባያና በማንኪያ መግቧት። ገንፎውን ወፈር አድርጉት፣ ዘይት ጣል አድርጉበት፣ እንቁላልም ጨምሩ» አለችና ለክትትል ጤና ጣቢያ እንድትቀርብ ቀጥራን ሄደች። እኅቴ ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም።

«ተዉት» ማለት ቀላል ነው፤ እንዴት ነው የሚተወው? እኔ እንደሆንኩ ሥራ ፈት ነበርኩ። በክፍል ውስጥ «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ» ሲሉን ከርመዋል፤ እስቲ ልሞክረው አልኩ።

እኅቴ በማግሥቱ ከገበያ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝታ መጣች። ሁለት ጆሮ አለው፣ ክዳኑ ላይ ጠፍጠፍ ያለች አፍ ወጥታለታለች፣ ቢገለበጥም አይፈስም። ሚጣ ተቀብላ መጀመሪያ ነከሰችው፣ ቀጥላ ከወለሉ ጋር አጋጨችው፣ በመጨረሻም ወደኔ ወረወረችው። ክዳኑን ከፍቼ ባየው ከሥሩ አንዲት ላስቲክ አለች፤ አጥብቀው ካልጠቡ በቀር ጠብታ አታሳልፍም። እንግዲህ ይኼ ምኑ ኩባያ ሆነ? ልብሱን የለወጠ ጡጦ ነው እንጂ! ልጅቱ መልመድ ያለባት ፉት ማለትን ነው። መጥባቱንማ ከእናቷ ሆድ ውስጥ ጀምራ ታውቅበታለች። ላስቲኳን አውጥቼ ጣልኳት። ወተቱ ያለ ትግል ሲመጣላት አንድ ሁለቴ ትን አላት፤ ነገር ግን እንደገና ሞከረች።

ዋናው አስተማሪዋ ግን እኔም ኩባያውም አልነበርንም፤ ቡና ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሚጣ ሲኒ ባየች ቁጥር እጇን ትዘረጋለች፤ «ያቃጥልሻል» እየተባለች ትመለሳለች። እንግዲያው ለሷም ይቀዳላት አልኩ። የሸክላው ይሰበራል ተብሎ ሲኒ የምታክል የብረት ኩባያ ተገኘችላት። ለብ ያለ ወተት፣ ከሥሯ ብቻ፣ ሁለት ጉንጭ የሚሆን አደረግሁባት። ትልልቆቹ ፉት ሲሉ አየቻቸው፤ እሷም ፉት አለች። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ቢያጨበጭቡላት ኩባያዋን ዘረጋች፣ ድገሙኝ ለማለት። ጥቂት ጥቂት መቅዳቱ ነው ዘዴው። ቢደፋም አያናድድም፤ ወተት መቼም ውድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቀትሩን ጡጦ በኩባያ ተካነው። አምስት ቀን ቆይተን የጧቱን። ገንፎውን ከወተቱ አስቀደምን። ዓመት ላለፈው ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ወተት ይበቃዋል፤ ሲበዛ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋበታል፣ ለደም ማነስም ያጋልጠዋል። ሐኪሞች ልጅ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ጡጦ እንዲተው ይመክራሉ፤ ሚጣ እንግዲህ አልዘገየችም ነበር።

ልጅቱስ ለመደች፤ ያስቸገሩት ትልልቆቹ ናቸው። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ እማዬ ምጣድ ላይ ነች፣ ሚጣ ከጀርባዋ ታዝላለች፣ ከነጠላው ሥር የጡጦው ጫፍ ብቅ ብሏል። «እማዬ፣ ምነው?» ብላት «አንተ ልጅ፣ እንጀራው ይረር ወይስ ልጅቱ ትጩኽ? አንዱን ምረጥ» አለችኝ። አልፈርድባትም። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ አዝላ እንጀራ ስትጋግር፣ ጡጦው ሦስተኛ እጇ ነበር። ስለዚህ በጋገራ ቀን ሚጣን የምይዝ እኔ ሆንኩ። ክርክሩም በዚሁ አበቃ።

የእኅቴ ነገር ግን ሌላ ነው። የሌሊቱን ጡጦ ማስቀረት አለብን ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ «ጧት ስወጣ ተኝታ ነው፤ ማታ ስገባ እንቅልፏ መጥቷል። ልጄ ጉያዬ ውስጥ የምትገባው ያን ጡጦ ስሰጣት ብቻ ነው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?» አለች። በበኩሌ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ጡጦውን የምትፈልገው ልጅቱ ብቻ ናት ብዬ ነበር እስከዚያች ሰዓት የማስበው። አንዱ ፋታ፣ አንዱ ዝምታ፣ አንዷ ደግሞ ልጇን ታገኝበት ኖሯል።

«እታለም፣ ጉያሽን ማን ነካው? የሚለወጠው ዕቃው ነው» አልኳት። ያን ማታ ሚጣን ታቅፋ ወተቷን በኩባያ ሰጠቻት። ጥርሷን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችላት፣ ከዚያ እሹሩሩ እያለች ትዞር ጀመር። ሚጣ እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት አለቀሰች። እኅቴም አለቀሰች። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ሰዓት ያህል፣ በሦስተኛው ከዚያ ያነሰ። በዘጠነኛው ሌሊት ሳትነሣ አነጋች፤ እኛ ነን ደንግጠን የተነሣነው።

በመስከረም ወደዚህ ከመመለሴ በፊት ሜትሩ 12.6 አሳይቷል፤ አረንጓዴ፣ ለጥቂት። የጥርሷ ጠብጣብ እንዳለ ነው፣ የሚከታተለው ሐኪም ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት እኅቴ ስትደውል ሚጣን ጉንፋን ይዟት «ጡጦ፣ ጡጦ» እያለች እንደ ነበር ነገረችኝ። እማዬ ልትፈልገው ተነሥታ ነበር አሉ፤ ግን የት እንዳኖረችው ጠፋት። በብረቷ ኩባያ ውሃ ሰጧት፤ ግማሹን ጠጥታ የቀረውን ለዶሮዋ ደፋችላት።