«ደግሞስ ምን አየህ?»

ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ይህችን አባባል ያውቃታል። ችግሯ ከክፍል ስንወጣም ተከትላን መምጣቷ ነው። ዓይናችን የተሰበረውን፣ የተጣላውን፣ የተወደደውን ሲለቅም ይውላል፤ ደህና የዋለው ነገር ምስክር ሳያገኝ ይመሻል።

እናቴ ይህን የሙያ ሕግ አትቀበልም። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከግቢ አትወጣም። የምትፈትለው ባዘቶ ባለቀ ቁጥር ሽሮ ሜዳ የምላከው እኔ ነኝ። ስመለስ ታዲያ ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት «ደግሞስ ምን አየህ?» ትለኛለች። የኑሮ ውድነቱን ልጀምርላት ስል እጇን ታወናጭፋለች።

«እሱን ሬድዮኑም ይነግረኛል!»

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። መቼም ታክሲ ውስጥ ከሰው ጀርባ በቀር ምን ይታያል?

ከአደባባዩ ብዙም ሳልርቅ አንዲት ሴት ታክሲ ለመሳፈር ስትሮጥ የዘንቢሏ ማንጠልጠያ ተበጠሰ። ሎሚው ቁልቁል ተንከባለለ። ሰልፈኛው ተራውን ጥሎ ተበተነ። ከረባት ያሰረው ጎንበስ፣ ተማሪው ጎንበስ! ረዳቱም መጣራቱን ትቶ በእግሩ ይገድብ ጀመር። አንዲት ባልቴት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ቢሉ፣ ከሁሉ በላይ የሳቀችው ባለ ሎሚዋ ናት። ሰልፉ እንደገና ሲሠራ ማን ከማን ፊት እንደነበር ጠፋ፤ ሁሉም «ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» ይባባላል።

እዚያው አደባባዩ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት ወገኖቻችን የቆመው ሐውልት ይታያል። ሐዘን ሐውልት አለው፤ ይገባዋልም። ሎሚ ለቀማ ግን ሰው ካላወራው ወዲያው ይረሳል።

ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በሩ ከተከፈተ አንድ ቤት ውስጥ ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ይወረውራል። አጠገቡ ሕፃን ልጁ ተኝቷል። ድንገት ክር ተበጠሰና ሥራው ቆመ። ልጁ ወዲያው ነቅቶ አለቀሰ! አባትየው ክሩን ቀጥሎ ሁለት ሦስቴ ሲወረውር እንቅልፉ ተመለሰ። ያ ሁሉ ኳኳታ ለካ እሹሩሩ ኖሯል።

ባዘቶ የምትሸጠው ሴትዮ የእናቴን ደኅንነት ጠይቃ አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመረችልኝ።

እነዚህ ነገሮች ኑሮን አያረክሱም። ሸማኔው ቅዳሜም የሚሠራው ቸግሮት ሊሆን ይችላል። ችግሩን ግን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ የቀረባት ጎዳናው ነው።

ወሬዬን ስጨርስ እንዝርቷን አቁማ ጠየቀችኝ፦

«ሎሚው ሁሉ ተገኘ?»

«አንዱ ቱቦ ውስጥ ገባ።»

«ምን አለበት» አለችና መፍተሏን ቀጠለች። «ሰዎቹ ጎንበስ ካሉ ይበቃል።»