ማዕበሉ ተሰቀለ፣ ቀዛፊዎቹ ተቆረጡ

የባሕር ሞገድ ስዕል ለሳሎን ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ሰማያዊው ቀለም ከሶፋውና ከመጋረጃው ጋር መስማማቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ተሰቅሎ የሚታየው የጃፓናዊው ሠዓሊ የካትሱሺካ ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» ከውኃው ይልቅ በውኃው ሥር ያሉትን ሰዎች የሚመለከት ሥራ ነው። ሆኩሳይ ይህን ሥራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ፣ ዕድሜው ሰባን ከተሻገረ በኋላ፣ የፉጂን ተራራ ከተለያየ አቅጣጫ በሚያሳየው ተከታታይ ሥራው ውስጥ ሲሆን፣ ተራራው ራሱ በማዕበሉ ሆድ ሥር እንደ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ከፊት ለፊት ሦስት ረጃጅም ጀልባዎች አሉ፤ እነዚህም ትኩስ ዓሣ ሳይበላሽ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ገበያ ለማድረስ የተሠሩ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው፤ ቀዛፊዎቹም በመቅዘፊያቸው ላይ ተደፍተው፣ አናታቸው ላይ ያንዣበበውን ውኃ ቀና ብለው ሳያዩ፣ ሥራቸውን ይዘዋል።

ምን ይሰቀልበት ተብሎ ብዙ ምክር የተሰጠበት አንድ ባዶ የሳሎን ግድግዳ ዛሬ ይህን ስዕል ሊያገኝ ነበር። ከፍሬም ቤት የመጣው ግን በተዘጋጀ ፍሬም ልክ እንዲገባ ከቀኝ በኩል ተቆርጦ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ኅትመት ነው፤ ማዕበሉ አለ፣ ፉጂም አለ፣ ሦስተኛው ጀልባ ግን ከነቀዛፊዎቹ የለም። ለምን ሲባል የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «ኮፒ አይደል እንዴ? ማን ያየዋል?»

ይህ መልስ ከሞገዱ ስዕል አስቀድሞ በየቤቱ የሠርግና የክርስትና ፎቶዎች ላይ ሲሠራ የኖረ መልስ ነው። በብዙ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ መካከል ላይ ቆመው ከዳር በኩል የአንዲት እናት የነጠላ ጥለትና ግማሽ ትከሻ ብቻ የቀረበት ፎቶ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ያቺ እናት ጠላውን ጠምቃ፣ እንግዳውን ተቀብላና አስተናግዳ፣ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ በትሕትና ከዳር የቆመች ሰው ናት፤ ሲቆረጥም መጀመሪያ የሚቆረጠው ዳር የቆመው ነው። የልጅ ልጆች «ይቺ ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ይነገራቸዋል፤ ከሌለ ግን ጥለቱ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ፍሬም ካነሰ መለወጥ ያለበት ፍሬሙ ነው፤ ሰው አይቆረጥም። ደግሞም መቀስ ባለበት እጅ ሁሉ ሜትርም መኖር ነበረበት!

«ኮፒ ነው» የሚለውም ቢሆን ነገሩን ካለማጤን የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ታላቁ ማዕበል ሲፈጠር ጀምሮ ቅጂ እንዲሆን የታሰበ የእንጨት ኅትመት ነው። በዚህ የአሠራር ዘዴ ሠዓሊው ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ያወጣል፤ ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ይለጥፍና መስመሩን ተከትሎ እንጨቱን ይፈለፍላል፤ አታሚው ደግሞ ለየቀለሙ በተዘጋጁት ሰሌዳዎች ላይ ቀለም እየቀባ፣ ወረቀት እያሳረፈና በእጁ እያሸ ያትማል። የመጀመሪያው ንድፍ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስለሚፈለፈል ይጠፋል፤ ስለዚህ «ይህ ነው ዋናው» ተብሎ የሚጠቆም አንድ ብቸኛ ስዕል የለም። ያ ልብ የሚሰርቀው ሰማያዊም የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተገኘና በንግድ ጃፓን የደረሰ ቀለም ነው። ኅትመቱ 25 በ37 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ወረቀት ሲሆን፣ በሺዎች ታትሞ ከሁለት ሳህን ኑድል ብዙም በማይርቅ ዋጋ ለተራው የከተማ ነዋሪ ይሸጥ ነበር። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል፤ እሱም ቅጂ ነው።

እንግዲህ ሠዓሊው፣ ቀራጩና አታሚው በኑድል ዋጋ ለሚሸጥ ወረቀት እያንዳንዱን ቀዛፊ በጥንቃቄ ካስቀመጡት፣ ርካሽ መሆኑ ለመቁረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሦስቱም ጀልባዎች ያሉበት ሌላ ኅትመት ይገዛል፤ ፍሬሙም በእሱ ልክ ይሠራል። ነገሩ በዚህ ያበቃል።