የደጋው ስንቅ በቆላ ይዘጋጃል

ሱቅ ዐረቢ የካርቱም የንግድ እምብርት ሆኖ በኖረባቸው ዘመናት፣ በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ካሉት መደብሮች በአንዱ ቆሞ በቀትር ወፍራም የሱፍ ሹራብ የሚያማርጥ ሐበሻ ቢታይ፣ ጉዳዩን ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም ነበር። ሰውየው መንገደኛ ነው። ካርቱም ላይ ሸክም የሆነበት ሹራብ ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ባለውለታው ይሆናል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በደረሰበት ሰዓት ስለ ውርጭ ማሰብ ቀላል አይደለም። ላብ ያጠመቀው ሰው ብርድ መኖሩን በአእምሮው ያውቃል እንጂ በቆዳው አያምንም።

ነገሩ የእግረኛና የአውቶቡስ ተሳፋሪ ብቻ ቢሆን መዘዙ ከጉንፋን ባላለፈ ነበር። ከቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚበር የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ሲሆን ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በየብስ ቀናት የሚፈጀው የአየር ንብረት ለውጥ በአየር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይከናወናል። ሰውም ሞተርም ለመላመድ ጊዜ አያገኙም። ስለዚህ የብርዱ ዝግጅት መደረግ ያለበት ብርዱ ባለበት ቦታ ሳይሆን፣ ማንም ስለ ብርድ በማያስብበት በሙቁ አገር ነው።

ለዚህ የካርቱም የራሷ ታሪክ ምስክር ነው። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ወደ ሱዳን መጥተው ወደ አገራቸው የሚገቡበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ደግሞ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ድንበሩን በእግር ተሻግሮ ጎጃም ገብቶ፣ ከአርበኞች ጋር እየተገናኘ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ከሱዳን በአንዲት አውሮፕላን በርሮ ሰከላ አካባቢ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ወረደና ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ያ በረራ የዚህ ጉዞ ዝግጅት አንዱ አካል ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዊንጌትና ስለ ሳንድፎርድ ብዙ ብለዋል። ስለ አውሮፕላኗ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ቪከርስ ቪንሰንት የምትባል፣ ክንፎቿ በላይና በታች የተደረቡ፣ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ አንድ ሞተር ያላት፣ አብራሪዋም ተሳፋሪዋም ጣሪያ በሌለው መቀመጫ የሚቀመጡባት ነበረች። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር ያነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ዙሪያ፣ መሬቱ ራሱ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚታየው የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈችው ፖቴዝ 25 አውሮፕላንም የመጣችው ከጅቡቲ ሐሩር ነበር። የኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ እንግዲህ ከመነሻው ከቆላ ወደ ደጋ የመውጣት ታሪክ ነው።

አየር ከመሬት በራቀ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ የሚቀንሰው 6.5 ዲግሪ ያህል ነው። ካርቱም ላይ ማለዳ 22 ዲግሪ ሲሆን የተነሣ አብራሪ በዚህ ስሌት 4000 ሜትር ላይ ሲደርስ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ጣሪያ በሌለው መቀመጫ ላይ ከፕሮፔለሩ የሚመጣው ነፋስ ሲታከልበት የሰውነት ስሜት ከዚህም በእጅጉ የከፋ ነው። አውሮፕላኑ የሚያድርበት ሜዳም የራሱ ፈተና አለው። ከኅዳር እስከ ጥር የደጋው ሰማይ ጥርት ስለሚል መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይለቅቃል፤ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ሣሩን ያነጣው ውርጭ ክንፉንም አይምርም።

በዝግጅቱ ቀዳሚው ነገር ዘይት ነው። ለካርቱም ሙቀት የተመረጠ ወፍራም ዘይት በብርድ እንደ ማር ይረጋል። ሞተሩ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ዘይቱ ሳይደርሳቸው ብረት ከብረት ይፋተጋል። የአላስካና የካናዳ የጥንት አብራሪዎች ለዚህ ያገኙት መላ ቀላል ነበር። ማታ ዘይቱን ከሞተሩ አውጥተው በጣሳ ያጠራቅሙና ከምድጃ ዳር ያሳድሩታል፤ ጠዋት ሞቅ እንዳለ መልሰው ይሞሉታል። ሞተሩንም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሥሩ እሳት ያሞቁት ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ለሰፊ የሙቀት ልዩነት የሚሆን ዘይት አለ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። በግማሽ የተሞላ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በባዶው ቦታ ያለው አየር ጠል ያወጣል። ጠሉ ውሃ ሆኖ ከነዳጁ ሥር ይዘቅጣል፤ ውሃው መስመሩ ውስጥ በረዶ ከሠራ ደግሞ ሞተሩ አየር ላይ ይጠማል። ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ ታንኩን ማታውኑ ይሞላል፤ ጠዋት ደግሞ ከታንኩ ግርጌ ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ውሃ አለመኖሩን በብርሃን ያያል።

ሦስተኛውና እጅግ አታላዩ የካርቡሬተር በረዶ ነው። ነዳጁ ከአየር ጋር ሲደባለቅ እየተነነ ሙቀት ይስባል፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የውጭው አየር 15 ወይም 20 ዲግሪ ሆኖ፣ ሰው ያለ ሹራብ በሚቀመጥበት ቀን እንኳ፣ አየሩ እርጥበት ካለው በሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ሞተሩ ቀስ በቀስ ይደክማል። አብራሪው ሞቃት አየር የሚያስገባውን መቆጣጠሪያ ሲስብ የቀለጠው ውሃ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ በመጀመሪያ መንተፋተፉ ይብሳል። ያልሠለጠነ ሰው በዚህ ደንግጦ መቆጣጠሪያውን ይመልሳል፤ መዳኛውን በገዛ እጁ ይዘጋል። የሠለጠነው ግን ታግሦ ይጠብቃል።

አራተኛው በክንፍ ላይ የሚያድር ውርጭ ነው። ክንፍ የሚያነሣው በቅርጹና በገጹ ልስላሴ ነው። እንደ ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት የሳሳ ውርጭ የክንፉን የማንሣት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጉተታ ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ለዓይን ነጭ አቧራ የሚመስለው ነገር አውሮፕላኑን ከሜዳው ጫፍ ሳያነሣ ሊያስቀረው ይችላል። መድኃኒቱ ማታ ክንፉን መሸፈን፣ ወይም ጠዋት ፀሐይ እስኪያቀልጠው መጠበቅና በደረቅ ጨርቅ አጥርቶ መጥረግ ነው።

ከሙቅ አገር ልማድ የሚመጣው አደጋ በትንሽ አውሮፕላን ብቻ የሚወሰን አይደለም። ጥር 5 ቀን 1974 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1982) የኤር ፍሎሪዳ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በበረዶ ውሽንፍር ከዋሽንግተን ተነሥቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት 79 ሰዎች 74ቱ፣ ድልድይ ላይ ከነበሩት ደግሞ 4 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ክንፉ ላይ በረዶ ነበር፤ የሞተሩ የበረዶ መከላከያም አልተከፈተም። አብራሪዎቹ የፍተሻውን ዝርዝር ሲያነብቡ መከላከያው ላይ ደርሰው የሰጡት መልስ «ተዘግቷል» የሚል ነበር። በሞቃታማዋ ፍሎሪዳ ትክክል የሆነው መልስ ዋሽንግተን ላይ የብዙ ሰው ሕይወት አስከፈለ። ዝርዝሩ ተነብቧል፤ የተነበበው ግን በልማድ እንጂ በማስተዋል አልነበረም።

መሣሪያው ተዘጋጅቶ ሰውየው ካልተዘጋጀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አብራሪ ልብሱን ደራርቦ የሚለብሰው ለምቾት ብሎ ብቻ አይደለም። የደነዘዘ ጣት መቆጣጠሪያን አይለይም፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካርታ አያነብም። ካርቱም ላይ በላብ የራሰ ሸሚዝ ሽቅብ ሲወጣ በሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት ደረቅ ልብስ መለወጥም የዝግጅቱ ክፍል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚበር ሰው ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ያገኘዋል። የዚህ ሕመም ክፋቱ ታማሚውን ደስ ማሰኘቱ ነው፤ አእምሮው ሲደክም ብርቱ የሆነ ይመስለዋል።

ጣሪያና ማሞቂያ ባለው አውሮፕላንም ሌላ አደጋ ይጠብቃል። በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ማሞቂያው ሙቀቱን የሚወስደው ከሞተሩ የጭስ ቱቦ ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ አብራሪው ይገባል። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የሰማ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ከብርዱ ወራት በፊት የቱቦው ፍተሻ የማይታለፈው ለዚህ ነው። በመጨረሻም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ክብሪት፣ ውሃና ደረቅ ምግብ በአውሮፕላኑ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሞተሩ ከተራራ ላይ ቢያሳርፈው፣ ከወደቀበት የተረፈ ሰው ሌሊቱን በሕይወት እንዲያልፍ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ሱቅ ዐረቢን ክፉኛ ጎዳው። ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገሩ ሹራብ ለማማረጥ ቀርቶ ደጃቸውን ለመቆለፍ እንኳ ጊዜ ያላገኙ ነበሩባቸው። እነዚህን ስላልተዘጋጁ የሚወቅስ የለም። ዝግጅት ጊዜ ላለው ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው።

አብራሪ ግን ይህ ጸጋ አለው። ማታ ታንኩን መሙላት፣ ሞተሩን መሸፈን፣ ቱቦውን መፈተሽ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክንፉ ላይ ውርጭ ባየ ጠዋት ተሳፋሪው እየቸኮለ፣ ሰዓቱ እየረፈደ፣ «ትንሽ ነው፣ ያነሣኛል» የሚል ሐሳብ ሲመጣበት፣ ቁጭ ብሎ ፀሐይን መጠበቅ ይችላል።