የቡፌው ጠርሙስና የኛ ደብተር

መቼም «ለተማሪ ደግሞ ምን ውስኪ!» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የኛ ኪስ የሚያውቀው ሻይና ፉል ነው። ሆኖም የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የሆንን አምስት ጓደኛሞች በስኮትላንድ ውስኪ ፍቅር ከተያዝን ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ጠጪዎች ግን አይደለንም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ጠርሙስ ሲከፍት፣ በሰርግ ወይም በምርቃት ቤት ሲቀዳ የደረሰችንን ጥቂት ቀስ ብለን እናጣጥማለን፤ በቃ። ጠርሙስ መሰብሰብ አቅማችን ስላልሆነ የምንሰበስበው ጣዕም ነው። ጎተራችንም ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው።

ነገሩን ስንመረምረው ከቤታችን ሩቅ ሆኖ አላገኘነውም። ስኮቶች ገብሱን ነክረው፣ አብቅለው፣ ብቅል አድርገው ይጠነስሱና በመዳብ ጋን ያወጡታል። የብቅሉ ውስኪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጣል። እኛስ ዳግም አረቄ የምንለው ምንድን ነው? ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የብሪታንያ ደንብ እንደሚለው፣ መጠጡ ስኮች ለመባል ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ፣ ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት። የአልኮሉም መጠን ከመቶ 40 ማነስ የለበትም። በርሜል ውስጥ ሳለ በያመቱ ከመቶ 2 ያህሉ እየተነነ ይጠፋል፤ ይህንንም «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። የኛ አያቶች ቢሆኑ ኖሮ የአድባር ድርሻ ባሉት ነበር።

ስሙም ቢሆን ለኛ ዓይነቱ ሰው ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1494 የተጻፈ የስኮትላንድ ንጉሥ ግምጃ ቤት መዝገብ፣ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ በንጉሡ ትእዛዝ «አኳ ቪቴ» እንዲሠራበት ብቅል እንደተሰጠው ይናገራል። አኳ ቪቴ በላቲን የሕይወት ውሃ ማለት ነው፤ ግዕዙ ማየ ሕይወት ይለዋል። ውስኪ የሚለውም ቃል ይህንኑ ከሚል የጌሊክ ስም የመጣ ነው። አረቄ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ነው። እነዚያ ሕይወት ያሉትን እነዚህ ላብ አሉት፤ ሁለቱም አልዋሹም። ሮበርት በርንስም እ.ኤ.አ. በ1786 በታተመው መድበሉ የአገሩን መጠጥ ካወደሰ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጠጥ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀጠረ። ገጣሚም እንጀራ ይበላል!

ችግር የመጣው ደብተሩን መሙላት ስንጀምር ነው። በመጻሕፍቱ የምናገኘው የጣዕም ቃል ሁሉ የሰው አገር ቃል ነው። ማይክል ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር (ዘፋኙን ማለታችን አይደለም)፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መጽሐፍ ውስኪን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት ከመቶ እያረመ ነጥብ ሰጥቶታል። እሱና መሰሎቹ ስለ ባሕር አረም፣ ስለ ሄዘር አበባ፣ ስለ ጨው ነፋስ ይጽፋሉ። ከመካከላችን ባሕር ያየ አንድም የለም። ታዲያ ያላሸተትነውን አሸተትን ብለን እንጻፍ? አንዱ ጓደኛችን «የተማረ ሰው ቋንቋው ይኼ ነው፤ እንልመደው» ሲል ሌላው «በሰው አፍንጫ አልተነፍስም» ብሎ ተነሣ። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን ማለት ይቻላል።

ያስታረቀን ላፍሮይግ ነው። የአይላ ደሴት ሰዎች ብቅሉን የሚያደርቁት በፒት ጭስ ነው። ፒት ማለት በረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የበሰበሰ ሣርና ሥር ሲሆን፣ እየተቆረጠና እየደረቀ እንደ ኩበት ይነዳል። የአንዳችን አጎት ያመጡትን ባለ 10 ዓመቱን ላፍሮይግ አፍንጫችን ሥር ስናደርገው፣ ያ የእንግሊዝኛ ጠበቃ የነበረው ልጅ «እንዴ! ይኼ የአያቴ ጋን ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነትም በወይራና በጥንጁት የታጠነ የጠላ ጋን! ሌላዋ «የለም፣ የክሊኒክ አዮዲን ነው» አለች። ሁለቱንም ጻፍን። ከዚያ ወዲህ በሼሪ በርሜል የተኛውን «ዘቢብና የድፎ ዳቦ ኮባ»፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲነካው የሚፈካውን «ዝናብ የነካው የገብስ ቆሎ» እያልን እንመዘግባለን። ደግሞስ መቅመስ ለአገራችን ሰው አዲስ ነው እንዴ? ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ ይሰጥ ነበር?

ስለ ሰብሳቢዎቹም ተከራክረናል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተጠመቀ አንድ የማካላን ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለንደን ላይ በሐራጅ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተዘጋው የፖርት ኤለን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪከፈት ድረስ፣ የተረፈው ውስኪው እንደ ሙት መታሰቢያ ሲታደን ኖሯል። ልብ በሉ፤ ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። 12 ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ያው የ12 ዓመት ነው።

የኛ አገር ሰብሳቢ ግን ቡፌ ነው። የአንዷ ጓደኛችን አባት መምህር ነበሩ። የቀድሞ ተማሪያቸው ከውጭ ያመጣላቸውን ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል «ለትልቅ እንግዳ» ብለው ቡፌው ውስጥ ቆለፉት። እንግዳው ሳይመጣ እሳቸው ዐረፉ። ጠርሙሱ ከአሥር ዓመት በላይ በመስተዋቱ ውስጥ እንደቆመ ነው። አምና ለበዓል ቤታቸው ሄደን ዓይናችን እሱ ላይ ሲያርፍ ክርክሩ ተነሣ። አንዱ «ከተከፈተ ያልቃል፤ የሰውዬው መታሰቢያ ነው» አለ። ሌላው «እዚያ ውስጥ ምንም አይጨምርም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው» አለ። ጓደኛችን ዝም አለች። ማዘር ከጓዳ ሰምተውን ኖሮ ቁልፉን ይዘው ወጡ።

«ለእንግዳ ነው የተቀመጠው። እናንተስ እንግዳ አይደላችሁ?»

ከፍተው በመዳፋቸው ጠብ አደረጉና ቀመሱ። ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «ይኸን ነው እንዴ አባትሽ እንደ ታቦት ሸሽገው ያኖሩት!» ብለው ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

የዚያን ዕለት ገጽ የጻፈችው ጓደኛችን ናት። እኛ ማር፣ ትንሽ ጭስ፣ የብርቱካን ልጣጭ ብለን ነበር። እሷ ግን «የአባዬ ቡፌ፤ የእሳት ራት መድኃኒት፣ የፈተና ወረቀት፣ ጠመኔ» ብላ ጻፈች። አንዱ «ይኼ የውስኪው ጣዕም አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢቀምሰው አያገኘውም» ብሎ ተቃወመ። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ደብተር የምንይዘው ሌላው እንዲያገኘው ነውና። ግን ድምፅ ሰጥተን ገጹ እንዲቆይ ወሰንን፤ አራት ለአንድ።

ባዶው ጠርሙስ ዛሬ የማዘር ጸበል ይቀመጥበታል፤ ለቆራሌው አልተሰጠም። ደብተራችንም ገና ያልተጻፈበት ብዙ ሉክ አለው። አንባቢ ሆይ፣ ለእርጥብ ኦክ እንጨት ሽታ የሚሆን ደህና የአማርኛ ቃል ካለህ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፍልን፤ እስካሁን አላገኘንለትም።